ውኃው ዛሬ የት ደርሷል?

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ተጉዘህ የምታውቅ እንደ ሆነ፣ ከጎሐ ጽዮን ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርደህ የዓባይን ድልድይ ስትሻገር በመስኮት ወደ ታች ሳትመለከት አልቀረህም። ጉዞህ በነሐሴ ከነበረ፣ ያየኸው ውኃ እንደ ጭቃ የደፈረሰ፣ ግንድና ቅርንጫፍ የተሸከመ፣ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ነው። ጉዞህ በሚያዝያ ከነበረ ግን አሸዋው ተገልጦ፣ ዐለቱ ጥርሱን አውጥቶ፣ ውኃው ሰብሰብ ብሎ አግኝተኸዋል። ስሙ አንድ ዓባይ ቢሆንም፣ በሁለቱ ወራት ያየሃቸው ወንዞች ጠባያቸው ለየቅል ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናጫውትህ በዚህ ዓይነቱ ወንዝ ላይ በትንሽ ታንኳ ስለሚወርዱ ሰዎች ነው። ነገሩ ለብዙዎቻችን የባዕድ አገር ሰዎች ጨዋታ ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች በብዙ ድካም፣ አንዳንድ ጊዜም በሕይወት ዋጋ የተማሩት ትምህርት በክረምት ወንዝ ዳር ቆሞ «ልሻገር ወይስ ልቆይ?» እያለ የሚያመነታውን ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ በቀጥታ ይመለከተዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንድትከተለን እንለምንሃለን።

ታንኳይቱና ቀዛፊዋ

በጣና ሐይቅ የምናውቃት ታንኳ ከደንገል የተሠራች፣ ለረጋ ውኃ የምትስማማ ናት። በዐለት መካከል እየተናጠና አረፋ እየደፈቀ በሚሮጥ ውኃ ላይ የሚወርዱት ሰዎች የሚይዟት ግን «ካያክ» ትባላለች። መጀመሪያ የሠሯት በግሪንላንድና በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝቦች ናቸው። እነርሱም በእንጨት ወይም በአጥንት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው እየሠሩ ለአደን ይገለገሉባት ነበር። ዛሬ ለዐለታማ ወንዝ የምትሆነው ካያክ አብዛኛውን ጊዜ ከጠንካራ ፕላስቲክ ትሠራለች።

ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ እስከ ወገቡ ይገባባታል። ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ የጨርቁን ጠርዝ ከታንኳይቱ አፍ ጋር ያያይዘዋል፤ ስለዚህ ማዕበል ቢያልፍበት እንኳ ውኃ ወደ ውስጥ አይገባም። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ነው። በራሱ ላይ የራስ ቁር፣ በደረቱ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ያደርጋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ታንኳይቱ ብትገለበጥ ቀዛፊው ከውስጧ ሳይወጣ በመቅዘፊያውና በወገቡ ኃይል ተመልሶ ቀና ማለት መቻሉ ነው። ኢኑዊቶች ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ኦስትሪያዊው ሃንስ ፓውላታ ደግሞ በ1927 ጥበቡን ተምሮ ለአውሮፓውያን አሳወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ መሣሪያና ጥበብ የሚጠቅመው ግን አንድ ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው። ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች ወንዝ ዳር እንደ ደረሱ፣ ታንኳቸውን ከመኪና ሳያወርዱ፣ «ውኃው ዛሬ የት ደርሷል?» ብለው ይጠይቃሉ።

የውኃው ልክ እንዴት ይታወቃል?

በብዙ ወንዞች ዳር፣ በተለይም በድልድይ አጠገብ፣ እንደ ማስመሪያ በሜትርና በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ቆሞ ታያለህ። ኢትዮጵያና አሜሪካ ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ በኅብረት ባጠኑበት ጊዜ የወንዞቹን ውኃ በዚህ መንገድ መለካት ከዋነኞቹ ሥራዎች አንዱ ነበር። የሰሌዳው ጠባቂ ቁጥሩን እያነበበ በመዝገብ ይጽፋል። ባለሙያዎችም በየጊዜው መጥተው የውኃውን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ለክተው ሦስቱን በማባዛት በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ እንደሚያልፍ ያሰላሉ። ይህ ተደጋግሞ ከተሠራ በኋላ ሰሌዳውን ብቻ አይቶ የውኃውን ብዛት መገመት ይቻላል።

ከሳይንስ ትምህርት እንደምታስታውሰው አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል ይመዝናል። የሕዳሴው ግድብ ከመሠራቱ በፊት፣ ዓባይ ወደ ሱዳን በሚገባበት ጠረፍ በነሐሴ ወር በአማካይ በየሴኮንዱ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ያልፍ ነበር፤ በሚያዝያ ግን ከ200 በታች ይወርዳል። እንግዲህ በነሐሴ «አንድ» ብለህ እስክትቆጥር ድረስ 50,000 ኩንታል ውኃ አለፈ ማለት ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የውኃ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይራመድም። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትናንት እስከ ጉልበት የነበረው ውኃ ዛሬ እስከ ጭን ቢደርስ፣ ዐይን «ጥቂት ጨምሯል» ይላል፤ እግር ግን የሚያገኘው ሌላ ኃይል ነው።

ሲጎድል ቀለለ ማለት ነውን?

«እንዲህ ከሆነ ውኃው ሲጎድል መሄድ፣ ሲሞላ መቅረት ነዋ!» ትል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ውኃው ሲያንስ ዐለቶች ሁሉ ብቅ ይላሉ፤ መንገዱም ይጠባል። ታንኳይቱ በጎኗ ከዐለት ጋር ከተጋጨች ውኃው ተጭኖ ያጣብቃታል፤ የቀዛፊውም እግር በውስጧ ሊታሰር ይችላል። መካከለኛ ሲሆን በዐለቶቹ መካከል እንደ ምላስ ሾጥጦ የሚወርድ ለስላሳ ውኃ ይታያል፤ እርሱ መንገድ ነው። ከትልልቅ ዐለቶች ጀርባም የረጋ ውኃ ይገኛል። ቀዛፊው እዚያ ጥግ ገብቶ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ከፊቱ ያለውንም አይቶ ይወስናል።

ውኃው እጅግ ሲሞላ አንዳንዱ ዐለት ጨርሶ ይሰጥምና መንገዱ የተደላደለ ይመስላል። ነገር ግን ውኃ በሰጠመ ዐለት ላይ አልፎ ወደ ታች ሲወድቅ ከበታቹ እየተጠቀለለ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ ተመላሽ ውኃ ሰውንም ታንኳንም ይዞ ያንከባልላል። የማረፊያ ጥጎቹም ይጠፋሉ። በዳር የነበሩት ዛፎች ውኃ ውስጥ ስለሚቀሩ ቅርንጫፋቸው እንደ ወንፊት ውኃውን አሳልፎ ሰውን ያስቀራል። ስለዚህ ቀዛፊዎች የወንዝን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 በሚደርስ ደረጃ ሲመድቡ፣ የውኃውን ልክ አብረው ካልተናገሩ ቁጥሩ ሙሉ አይደለም። በአንድ ልክ 3ኛ ደረጃ የነበረው ስፍራ በሌላ ልክ 5ኛ ሊሆን ይችላልና።

ዓባይን የሞከሩ ሰዎች

ይህን ከዓባይ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ይወድቃል፤ ከዚያም በስፍራ ስፍራው ከ1,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ሸለቆ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ሱዳን ቆላ ይወርዳል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ወደ ሸለቆው ቢገባ፣ ሩቅ ሳይሄድ ጀልባዎቹ ከዐለት ጋር ተጋጭተው ተሰባበሩ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደግሞ ወንዙን በእግርና በበቅሎ እየተከተለ ካርታውን ለማንሣት ብዙ ደክሟል።

በ1968 ክረምት፣ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ፣ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል በተባለ የእንግሊዝ ጦር መኰንን የሚመራ ከ50 ሰዎች በላይ የያዘ ጓድ ወደ ዓባይ መጣ። እነዚህ ሰዎች የመረጡት ጊዜ የሙላት ወራትን ነው። ሰው ሁሉ ከወንዝ በሚሸሽበት ክረምት ለምን? ቢባል፣ ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው፤ በበጋ ዐለቱ ስለሚወጣ ትልልቆቹ የጦር ጀልባዎች አያልፉም፤ በክረምት ግን ውኃው ዐለቱን ይሸፍናል። ሐሳቡ በታችኛው ሸለቆ ሠራ። ከጣና በታች ባለው ጠባብና ዐለታማ ክፍል በትንንሽ የጎማ ጀልባዎች የወረዱት ግን ብርቱ መከራ አገኛቸው፤ ጀልባዎቹ እየተገለበጡ ሰዎቹ ከሞት ጋር ተናነቁ። ያው ሙላት ለታችኛው ክፍል መንገድ ሲከፍት፣ ለላይኛው ክፍል ወጥመድ ሆነ።

ከ1968ቱ ጓድ አንድ ወታደር በውኃ ሞተ። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ወታደር የሞተው በዓባይ ማዕበል ላይ በጀልባ ሲወርድ ሳይሆን፣ በክረምት የሞላ አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። ይህን ነገር በልብህ ያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከ4 ዓመት በኋላ በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕክምና ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ዓባይን ወረደ። በዚያው ዓመት በሙኒክ የኦሊምፒክ ጨዋታ የካያክ ውድድር በነጭ ውኃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። ውድድሩ የተካሄደው በአውግስቡርግ ከተማ በሰው እጅ በተሠራ ቦይ ነበር። በአውግስቡርግ የውኃውን ልክ የሚወስነው በሩን የሚከፍተው ሰው ነው፤ በዓባይ ግን የሚወስነው በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ተራሮች ላይ የጣለው ዝናም ነበር። ማይክ ጆንስ ከዓባይ በሰላም ተመለሰ፤ በ1976 ከኤቨረስት ተራራ ግርጌ የሚፈሰውን ዱድ ኮሲን ወረደ። በ1978 ግን በፓኪስታን በብራልዱ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለማዳን ሲሞክር ውኃ ወሰደው። ልምድ የበዛለት ሰው ከወንዝ ጋር የገባው የምሕረት ውል የለም።

በታኅሣሥ 2003 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን ከሰከላ፣ ከግሼ ዓባይ ምንጭ ተነሥተው በጎማ ጀልባና በካያክ እየወረዱ በሚያዝያ 2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። እነርሱ የመረጡት ሙላቱ ካለፈ በኋላ ያለውን የበጋ ውኃ ነው። ሁለቱም ጓዶች መሣሪያቸውንና የውኃውን ልክ አመዛዝነው ጊዜያቸውን መረጡ። አንዱ የመረጠው ጊዜ ለሌላው መሣሪያ ባልተስማማም ነበር።

ወንዝ መንገዱን ሲለውጥ

ትናንት ያወቁት ስፍራ ዛሬም እንደዚያው ይሆናል ማለት ደግሞ አይቻልም። በአሜሪካ በኮሎራዶ ወንዝ፣ ግራንድ ካንየን በሚባለው ታላቅ ሸለቆ ውስጥ፣ «ክሪስታል» የሚባል ስፍራ አለ። እስከ 1966 ድረስ እምብዛም የሚያስጨንቅ አልነበረም። በታኅሣሥ 1966 ግን ከጎን የሚገባው ትንሽ ወንዝ በደራሽ ውኃ ሞልቶ ትልልቅ ድንጋይ እየገፋ ወደ ኮሎራዶ አስገባ፤ ዋናውም ወንዝ በአንድ ጊዜ ጠበበ። ቀላል የነበረው ስፍራ በሸለቆው ውስጥ ከሚያስፈሩት አንዱ ሆነ።

በ1983 ደግሞ በተራሮች ላይ ያለው በረዶ በብዛት ሲቀልጥ ከላይ ያለው የግሌን ካንየን ግድብ ሐይቅ ከመጠን በላይ ሞላ። ውኃው ሲለቀቅ በሴኮንድ ወደ 2,600 ሜትር ኩብ ደረሰ። በክሪስታል የተነሣው ማዕበል ትልልቅ የሞተር ጀልባዎችን ገለበጠ፤ አንድ መንገደኛም ሞተ። ስለዚህ «ግድብ ካለ ውኃው ረግቷል» ማለት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ግድብ የዝናሙን ሰዓት በበሩ ሰዓት ይተካዋል፤ ከበታች ያለው ሰው የበሩን ሰዓት ካላወቀ፣ ፀሐይ በበራበት ቀን ውኃ ይነሣበታል።

በእኛም አገር ወንዞቹ በዚህ መንገድ ተለውጠዋል። በ1996 በጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው ውኃ በበር ይመጠናል። የሕዳሴው ግድብ በ2020 ውኃ መያዝ ጀምሮ በመስከረም 2025 ተመርቋል፤ ቀድሞ ቀዛፊዎች የወረዱበት የታችኛው ሸለቆ ክፍል ዛሬ ሐይቅ ሆኗል። በ1973 አሜሪካውያን በጎማ ጀልባ የወረዱት የኦሞ ወንዝም በ2016 የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ከቆመ በኋላ የቀድሞው አይደለም። እንግዲህ የ1968ን ወይም የ1973ን ታሪክ አንብቦ በዚያው መሠረት ታንኳ የሚጭን ሰው ቢኖር፣ የሚያገኘው ያነበበውን ወንዝ አይደለም።

ውኃው ሲነሣ የሚያሳየው ምልክት

ሰሌዳ በሌለበት ስፍራ ቀዛፊዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ ለማንም መንገደኛ ይሆናል። ማታ በወንዝ ዳር ሲሰፍሩ ውኃው በደረሰበት ጠርዝ ላይ አንድ እንጨት ይተክላሉ። ጧት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያዩት እንጨቱን ነው። ድንኳናቸውንም ከመትከላቸው በፊት በዙሪያው ያሉትን ዛፎች ይመለከታሉ፤ በቅርንጫፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ገለባና ጉድፍ ያለፈው ሙላት እስከዚያ መድረሱን ይናገራልና።

የጠራው ውኃ በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየተንሳፈፈ ሲመጣ፣ አረፋ ሲበዛ፣ የወንዙ ድምፅ ሲወፍር፣ ከላይ ሙላት እየመጣ ነው። አንተ በቆምክበት ቆላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ዝናሙ የጣለው ደጋ ላይ ነው፤ ደራሽ ውኃ የሚባለውም ይኸው ነው። አባቶቻችን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ይህን አይተው ነው።

መመለስ ፍርሃት አይደለም

ስለ ካያክ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ድፍረትን ነው። ነገር ግን የእነዚህን ሰዎች ሥራ ቀርበህ ብትመረምር ብዙው ሰዓታቸው የሚያልፈው በመቅዘፍ ሳይሆን በመመልከት ነው። አስቸጋሪ ስፍራ ሲደርሱ ከታንኳ ወርደው በዳር በእግራቸው ሄደው ያዩታል። የት እንደሚገቡ፣ የት እንደሚያርፉ፣ ቢገለበጡ የት እንደሚወጡ ይነጋገራሉ። ከታች ገመድ የሚወረውር ሰው ያቆማሉ። ካልተማመኑ ታንኳቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ስፍራውን በእግር ያልፉታል። በመካከላቸው አንዱ «እኔ አልወርድም» ቢል በመልካም ጓድ ዘንድ የሚስቅበት የለም። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣው ሰው ውኃውን ስላላወቀ ብቻ ሳይሆን፣ «ከዚህ ድረስ መጥቼ እንዴት እመለሳለሁ?» ስለሚል ነው። መንገድ ርቆ የመጣ ሰው፣ ጓደኞቹ የሚያዩት ሰው፣ ፈቃዱ ነገ የሚያልቅበት ሰው የሰሌዳውን ቁጥር አሳንሶ ማንበብ ይወዳል።

አሁን ወደዚያ ወታደር እንመለስ። አንባቢ ሆይ፤ አንተ ምናልባት በዕድሜህ በካያክ አትቀዝፍም። ነገር ግን በመስከረም ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ወደ ተመደብህበት ገጠር ትሄዳለህ፤ ወይም የመሥሪያ ቤትህን ደብዳቤ ይዘህ ወደ ወረዳ ትወርዳለህ። በመንገድህ ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ ይጠብቅሃል። ከወዲያ ማዶ ሥራው አለ፤ አለቃህም ቀን ቆርጦልሃል። ያን ጊዜ የቀዛፊዎቹ ጥያቄ የአንተም ጥያቄ ይሁን።

መጀመሪያ የአገሩን ሰው ጠይቅ። መልካው የት እንደ ሆነ፣ በትናንትናው ቀን ማን እንደ ተሻገረ፣ ደጋው ላይ ዝናም ጥሎ እንደ ሆነ የሚያውቀው እርሱ ነው። ቀጥሎ እንጨት ተክለህ ውኃው እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ተመልከት። ትንሽ ወንዝ በደራሽ ሲሞላ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል፤ ግማሽ ቀን መጠበቅ ሕይወት ያተርፋል። የውኃውን መሬት ማየት ካልቻልክ፣ ግንድ እየተንሳፈፈ ካየህ፣ ወይም ከመሻገሪያው በታች ፏፏቴና ዛፍ ካለ፣ አትግባ። ገመድ በወገብህ አትሰር፤ ከወደቅክ ገመዱ ወጥሮ ወደ ታች ይይዝሃልና። ድንገት ውኃ ቢወስድህ በሚሮጠው ውኃ ውስጥ ለመቆም አትታገል፤ እግርህ በድንጋይ መካከል ይያዛል። በጀርባህ ተንጋለህ፣ እግርህን ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ውኃው መውረጃ አድርገህ፣ ከውኃው በላይ አንሥተህ፣ በእጅህ እየቀዘፍክ ወደ ዳር ተጠጋ። ይህን ሁሉ ያስተማሩን በነጭ ውኃ ላይ ሲገለበጡ የኖሩት ሰዎች ናቸው።

አንድ ቀን ዘግይቶ የደረሰ መምህር ተማሪዎቹን ያስተምራል፤ ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤም ይነበባል። አለቃም ቢቆጣ ቁጣው ያልፋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሚመጣው ክረምት ወንዝ ዳር ስትደርስ ሱሪህን ከመጠቅለልህ በፊት ቆም በልና «ውኃው ዛሬ የት ደርሷል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ካላማረህ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ውኃው እስኪጎድል ጠብቅ።